ስልሳኛው ሳህን

ቻይፌንግ ሌላ ሳህን ገለበጠች። ይሄም አይደለም። ወደ ግራ አስቀመጠችና ቀጣዩን አነሳች።

በኬ ቤተ ዘመድ አዳራሽ ጓዳ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከጠዋት ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው። አራት መቶ የሚሆን አሮጌ ጎድጓዳ ሳህን ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። ድሮ ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ቤቱ ሁሉ ሳህኑን ያውስ ነበር። ታዲያ እንዳይቀላቀል በየሳህኑ ቂጥ ላይ የባለቤቱ ስም በመሮ ጫፍ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ተወቅሯል።

ቻይፌንግ ማንበብ እምብዛም አትችልም። ጭኗ ላይ ግን አንድ ሳህን አለ። አያቷ በስድስት ዓመቱ ከጨው ተሸካሚዎች ጋር ወደ ታችኛው መንደር ሲመጣ በእቅፉ የነበረ ነው። ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ «ከላይ፣ ከኬዎች» ከማለት ሌላ አያውቅም ነበር። እሷ አሁን የምታመሳስለው የፊደሉን ቅርጽ ነው።

«አልደከመሽም እቴ?» አለቻት የአዳራሹ ወጥ ሠሪ ላንጂ፣ የቀርከሃ ቡቃያ እየላጠች።

«ዕድሜዬን ሙሉ አኩሪ አተር ስፈጭ ነው የኖርኩት። ይሄማ እረፍት ነው።»

«ባልሽ እንዴት ይችልሻል?»

«አይችለኝም።»

ሽማግሌው ዴሺን ብሩሻቸውን እንደያዙ በበሩ ብቅ አሉ። የቤተ ዘመዱን የትውልድ መዝገብ እንደ አዲስ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። አሮጌው መዝገብ አደባባይ ላይ ከተቃጠለ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የተረፈው አንድ ቅጽ ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሹን አይጥ በልቶታል። የጎደለውን ከመቃብር ድንጋይና ከሰው ትዝታ ሲለቃቅሙ አራት ዓመት ፈጀባቸው። ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል። ከዚያ ወዲያ በደንቡ መሠረት ሠላሳ ዓመት ማንም አይነካውም።

«መኪናው ከምሳ በኋላ ይመጣል» አሏት። «ነግሬሻለሁ እኮ። የኬ ልጅ ነኝ ያለውን ሁሉ ቅርንጫፍ ላይ አልሰቅልም። ባለፈው ወር አንዱ የንጉሥ ዘር ነኝ ብሎ መጥቶልኝ ነበር።»

«እኔ የንጉሥ አላልኩም አጎቴ። አባቴ አልጋ ይዟል። ስሞት ስሜ የት ይቀመጣል እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?»

«እውነቱን ንገሪው። መዝገቡ ተቃጥሏል።»

«መዝገቡ ተቃጠለ እንጂ ሳህኑ መች ተቃጠለ።»

ቀጣዩን ገለበጠች። እጇ እዚያው ቆመ።

መካከሉ ቀጥ ብሎ ወርዶ ጫፉ የታጠፈ፣ በግራና በቀኝ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ፊደል። የጭኗን ሳህን ገልብጣ ጎኑ አስጠጋችው። የነጥቦቹ መራራቅ እንኳ አንድ ነው።

«ይኸው» አለች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሁለቱንም በጣታቸው ዳሰሱ።

«የሹይሼንግ ነው» አሉ። «ይሄ የአያቴ ምልክት ነው። የራሴ አያት።»

ላንጂ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ?» አለች ቻይፌንግ።

«ታዲያ ምን? አያትሽ ሳህናችንን ይዞ መሄዱን ነው የሚያሳየው። ድግስ በልቶ ከነሳህኑ የሄደ ስንት አለ።»

«የስድስት ዓመት ልጅ?»

«የስድስት ዓመት ልጅ አይሰርቅም?» አሉ። ነገሩን ግን ከልባቸው አላሉትም።

ቻይፌንግ ያ ፊደል ያለበትን ብቻ እየለየች ፊቷ ደረደረች። ሠላሳ አንድ ሆነ።

«ድሮ ስንት ነበር?»

«ስልሳ ነበር የተገዛው። ብዙው ተሰብሯል።» ሽማግሌው በሩን ተደገፉ። «ሴት አያቴ ከድግስ በኋላ እዚችው ቁጭ ብላ ትቆጥር ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ አብሬያት እቆጥራለሁ። ሃምሳ ዘጠኝ ይሆንብኛል። እሷ ስልሳ ትላለች። ኧረ አንድ ጎድሏል ስላት፣ የለም ሙሉ ነው ትለኛለች። መቁጠር አትችልም እያልን ስንስቅባት ኖርን።»

«ሳህን ጠፋብኝ ብላ ከሰው አልተጣላችም?»

«ከማንም። ሌሎቹ ሴቶች በአንድ ሳህን ፀጉር ይጓተቱ ነበር። እሷ ግን...»

መነጽራቸውን አውልቀው በእጅጌያቸው ጠረጉት።

«አባቴ ታናሽ ወንድም ነበረኝ ይል ነበር» አሉ። «በድርቁ ዓመት በንዳድ ሞተ ብሎኛል። ለመዝገቡ ብዬ መቃብሩን ፈለግኩት። ኮረብታውን ሁሉ አስሼ አጣሁት።»

ቻይፌንግ የአያቷን ሳህን አንስታ ከሠላሳ አንዱ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ስልሳኛው» አሉ ሽማግሌው በለሆሳስ።

ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ፤ ተከተለቻቸው። ብሩሹን ቀለም ነከሩት።

«ስሙን ንገሪኝ።»

«አንፉ። ኬ አንፉ።»

ከሹይሼንግ ሥር ጻፉት፤ ሁለተኛ ልጅ። ቻይፌንግ ቀለሙ እስኪደርቅ አጎንብሳ አየችው። ከዚያ ጣቷን ከሹይሼንግ ጎን ወዳለችው ትንሽ ጽሑፍ አሻገረች።

«ይሄስ? የእናቱ ስም ነው?»

«የሊን ቤት ልጅ ይላል። ሴት በስሟ አትጻፍም ነበር።»

«እርስዎ ማን ይሏት ነበር?»

«አያቴ።»

«ባሏስ?»

«የልጄ እናት ነበር የሚላት።» ሽማግሌው አሰቡ። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። «ማን ነበር ስሟ?» አሉ ለራሳቸው።

«ከሊን ቤት ስትዳር ስሟ የተወቀረበት ሳህን ይዛ አልመጣችም?»

መልሳቸውን አልጠበቀችም። ወደ ጓዳ ተመልሳ በርጩማውን ወደ ግራ ሳበችና ቀድማ ካስቀመጠቻቸው ሳህኖች የመጀመሪያውን ገለበጠች። ደጅ መኪናው ጥሩምባ ነፋ።

«ይጠብቅ» አሉ ሽማግሌው ከጠረጴዛው።