የጨለማ ጥበቃ ኮሚቴ

ሰፌድ አምባ ከንፋስ መውጫ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መኪና አይገባበትም። መንገድ ሊሠራለት መሆኑ ሦስት ጊዜ ተነግሮታል፤ ሕዝቡም ሦስቱንም ጊዜ አጨብጭቧል።

ግንቦት ላይ ሣራ የምትባል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ አምባው አናት ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ከእንጨት ጋር አሰረች። ሣጥኗ ቀጥ ብላ ሽቅብ ታያለች፤ የሰማዩንም ጨለማ ሌሊቱን ሙሉ በቁጥር ትመዘግባለች። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጨለማው ጥሩ ነው፤ ዝቅ ካለ ብርሃን አለ ማለት ነው።

«ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ፕላኔቶችን ለሚያጠና ቴሌስኮፕ ቦታ እየፈለግን ነው» አለች። «ጨረቃ የሌለችባቸውን የአሥራ ሁለት ሌሊት ቁጥሮች ገልብጣችሁ ላኩልኝ። ቦታው ከተመረጠ ቴሌስኮፑ የሚወጣበት መንገድ ይሠራል።»

ሕዝቡ ከዚህ ሁሉ የሰማው መንገዱን ብቻ ነው። በማግስቱ የጨለማ ጥበቃ ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ ሙላው ሰብሳቢ፣ ወይዘሮ ካሣነሽ ጸሐፊ ሆኑ። ኩራዝም፣ ባትሪም፣ የስልክ መብራትም ተከለከለ። በዚያ ሰሞን የወለደች ሴት ወንድ ትውለድ ሴት ያወቀችው ጠዋት ነው።

ይሁንና በመጀመሪያው ሌሊት፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጥሩ ዝቅ አለ። ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ተመለሰ። በሁለተኛው ሌሊት ለዘጠኝ አራት ጉዳይ ላይ፣ በሦስተኛው ለዘጠኝ ስምንት ጉዳይ ላይ ዝቅ አለ።

«ሰውየው ደፍሮናል» አሉ ወይዘሮ ካሣነሽ። «በየሌሊቱ አራት አራት ደቂቃ እየቀደመ ያበራል።»

«እንግዲያው ሰዓት ያለው ሰው ነው» አሉ አቶ ሙላው። በቀበሌው ሰዓት ያሰሩ ሰባት ሰዎች ስማቸው ተመዘገበ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። ሰዉ ሁሉ ወይራው ሥር ተቀመጠ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ አጥፊው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅም ሰው «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል።

ወፏ እስከ ቀትር ዝም አለች። ሰዉ ሲርበው መናገር ጀመረች።

«ወፍ እንደነገረችኝ» አለ አበጀ የተባለ ገበሬ፣ «በዘጠኝ ሰዓት ከእንቅልፉ የሚነሣ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ዞረ። ጎጇቸው ከሣጥኗ ሥር ናት። በየሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ይነሣሉ። ዐይነ ስውር ናቸው።

«ልጆቼ፣ መብራት ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ መሪጌታ።

«የፈራነውም ይህንኑ ነው፣ የኔታ» አሉ አቶ ሙላው በአክብሮት። «ይብራ ይጥፋ አያውቁትም።»

መሪጌታ ሣቁ። «እስቲ ወፏን ጠይቁልኝ፤ መብራቱን ከየት አመጣሁት አለች?»

«ዝርዝሩን አልነገረችኝም» አለ አበጀ።

የኔታ ልኬቱ እስኪያልቅ ከወንዙ ማዶ ባለው የቤተ ልሔም ደብር እንዲቀመጡ ተወሰነ። ጥሩ በቅሎ ተጫነላቸው፤ ሽማግሌዎችም እስከ ወንዙ ሸኟቸው። ጎጇቸው ለጥንቃቄ ፈረሰች።

በዚያው ሌሊት፣ ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ላይ፣ ቁጥሩ ዝቅ አለ።

አሁን ነገሩ ከረረ። አሥራ አራት ሰው ዱላ ይዞ ሣጥኗን ከብቦ ያድር ጀመር። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «ሰው አልመጣም። እሳት አልታየም። ውሻ እንኳ አልጮኸም።» ቁጥሩ ግን አራት ደቂቃውን ሳያዛንፍ ቀጠለ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮሚቴው መዝገቡን ዘርግቶ ተቀመጠ። አሥራ ሁለቱም ሌሊት ተበላሽቷል። አቶ ሙላው ምራታቸውን በቃሬዛ ተሸክመው ንፋስ መውጫ ያደረሱበትን ክረምት አስታወሱና አንገታቸውን ደፉ።

«መንገዱ አመለጠን» አሉ።

«አጥፊው ባይያዝም ጥፋቱ ይታረማል» አሉ ወይዘሮ ካሣነሽ።

«እንዴት አድርጎ?»

«በሰባት ሰዓት ጥሩ ጨለማ አለን። ከዚያ እየቀዳሁ የዘጠኝ ሰዓቱን እሞላዋለሁ። ከሰው አልወሰድን፤ ያው የገዛ ጨለማችን ነው።»

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ወይዘሮ ካሣነሽ ውብ ጽሕፈት አላቸው፤ መዝገቡ አንድ ስርዝ ሳይኖረው ተላከ። ሕዝቡም መልስ ሳይጠብቅ መንገዱ ከሚያልፍበት ድንጋይ መልቀም ጀመረ።

ሰኔ ሲገባ የሣራ ደብዳቤ ደረሰ። ሰዉ ወይራው ሥር ተሰበሰበ፤ ወይዘሮ ካሣነሽም ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፦

«በየሌሊቱ አራት ደቂቃ እየቀደመ በአናታችሁ ላይ የሚያልፈው፣ በጥሩ ጨለማ ብቻ የሚለየው የፍኖተ ሐሊብ ከዋክብት ብርሃን በመዝገባችሁ አንድም ሌሊት ስላልታየ፣ ሰማያችሁ ለቴሌስኮፕ እንደማይሆን ተረድተን ቦታውን ትተነዋል።»