የአሌክሳንድሪያው ቀጠሮ

ስመኝ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው አዲስ የውስጥ ሱሪ ገዝቶ የመጣ ዕለት ነው።

ዓብዩ ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉም የሚጠራው እሱ ነው። በሠላሳ ዓመት ትዳር ካልሲ እንኳ ራሱ ገዝቶ አያውቅም። ምነው ስትለው ፊቱ ደም መሰለ፤ አሮጌው አለቀብኝ ብሎ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ይታያት ጀመር። ሌሊት እየተነሳ ሽንት ቤት ይገባል፤ ቶሎ አይወጣም፤ ስልኩንም ይዞ ነው የሚገባው። ሲደወልለት በረንዳ ወጥቶ ያወራል። አንድ ቀን በሩ ጋ ቆማ ስታዳምጥ "አሌክሳንድሪያ፣ ሐሙስ ጠዋት" ሲል ሰማችው። ሐሙስ የት ነህ ብትለው ጓደኛዬ ታዴዎስ ቤት አላት። ታዴዎስ የሚኖረው በልትስቪል ነው፤ የአሌክሳንድሪያ ተቃራኒ አቅጣጫ። ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይሄ ነው።

ቅዳሜ ኮቱን ላውንደሪ ልትሰጥ ኪሱን ስትፈትሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አገኘች። ስም የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ ተጥሏል። የኪኒኑን ፎቶ አንስታ ነርስ ለሆነችው ለአክስቷ ልጅ ለዕድላዊት ላከችላት፤ የጎረቤት ነው ብላ።

ዕድላዊት ወዲያው ደወለች። "አንቲባዮቲክ ነው። ሰውየው ኢንፌክሽን ይዞት ይሆናል። የአባላዘር ከሆነ ግን ሚስቱም ትታከም በያት።"

ስመኝ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። አፈረች። በእሱ አፈረች፣ በራሷም አፈረች። የልጅ ልጅ ካየች በኋላ ሐኪም ፊት ቀርባ ምን ልትል ነው? እዚህ አገር ደግሞ የትኛውም ክሊኒክ ብትገቢ አንዷ የማኅበርሽ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ትጠብቅሻለች። ወሬው በሳምንቱ ጎረቤት ከተማ ሀያትስቪል ይደርሳል።

ስለዚህ ከኪሱ ያገኘችውን አንቲባዮቲክ ጠዋትና ማታ እያለች ራሷ ዋጠችው። እንዳይጎድልበት መልኩ የሚመሳሰል የራስ ምታት ኪኒን በብልቃጡ ውስጥ ተካችለት። በሽታውን ያመጣው እሱ ነው፤ እሱው ይቻለው። ልብሱንም ሻንጣ ውስጥ አዘጋጀች። የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልታባርረው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዓብዩ ረጅም ሻወር ወሰደ፤ አዲሱን የውስጥ ሱሪ ለበሰ። ጀርባውን ሰጥቷት ብልቃጡን ከፈተ። ሳትጠይቀው "ቪታሚን ነው" አለ። ስመኝ በብርጭቆ ውሃ ሰጠችው። ዓይኗን ማየት አልቻለም። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ዋጠና ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ቀስ እያለ ነው የሚራመደው፤ ሲቀመጥም በጎኑ ነው። ያረጀ ጎረምሳ፣ አለች በልቧ።

ቅዳሜ ማታ ትኩሳቱ ጀመረው። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ተንዘፈዘፈ። የእጁን አገኘ አለች፤ ቢሆንም መኪና ውስጥ አስገብታ ኢመርጀንሲ ወሰደችው።

ወጣቱ ሐኪም በዚህ ሳምንት ምን ሕክምና አድርገዋል ብሎ ጠየቀ። ዓብዩ መጀመሪያ ሚስቱን አየ፣ ቀጥሎ ወለሉን። የፕሮስቴት ዕጢው አብጦ እንደነበረ፣ ካንሰር እንዳይሆን ተፈርቶ አሌክሳንድሪያ ሐሙስ ዕለት በመቀመጫው በኩል በመርፌ ናሙና እንደወሰዱለት ተናገረ።

ስመኝ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። "ለምን አሌክሳንድሪያ? ቤታችን አጠገብ ሐኪም ጠፍቶ ነው?"

"ቤታችን አጠገብ ያለው ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ የምትቀመጠው ሳምሪ ናት፤ ቤተ ክርስቲያናችን የምትዘምረው። ሱሪዬን አውልቄ እንዲህ ተደረግኩ ልበላት? አንቺንም አፈርኩሽ፣ ስመኝ።"

ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ሳይገባ አልቀረም አለ። መርፌው በአንጀት በኩል ስለሚያልፍ ተሕዋሲያን ይዞ ይገባል፤ ለዚህ ነው አስቀድሞ የሚዋጥ የመከላከያ አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው። ግር አለው። በሽተኛው ያንን መድኃኒት ወስደዋል ወይ ሲል ጠየቀ።

ዓብዩ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "በሰዓቱ ነው የዋጥኩት" አለ፣ "ውሃውን ያቀበለችኝ እሷ ናት።"