የአክስቴ ስዊዘርላንድ

አክስቴ ቻይና፣ ጓንግዙ ከተማ የመጣችው የሠርግ ልብሷን ልትገዛ ነው፤ እኔ ደግሞ ሻንጣ ልጎትት። እጮኛዋ ልዑልሰገድ ስዊዘርላንድ ነው የሚኖረው። አብረውን ከበረሩት መንገደኞች ይህን ያልሰማ የለም።

ልብሱ ተገዝቶ ሲያልቅ ተራራ ላይ የተሠራ ትልቅ መዝናኛ ሄድን። ቻይኖቹ እዚያ አንድ የስዊዘርላንድ መንደር ከነባቡሩ ቁጭ አድርገውታል። ላሞቹ እንኳን ፕላስቲክ ናቸው።

አክስቴ ተናደደች። "ይሄ ደግሞ ምን ስዊዘርላንድ ነው? ልዑሌ አገር ሁሉም ነገር ኦሪጅናል ነው!"

"ቪዛ አይጠይቅማ፤ ምን አጎደለብሽ?" አልኳት።

"ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም!"

አደባባዩ ላይ ባርኔጣው ላባ የተሰካበት፣ የቆዳ ቁምጣ የለበሰ "ስዊዛዊ" ረጅም መለከት ይነፋል። ሰዉ አብሮት ፎቶ ሊነሣ ተሰልፏል። ቀረብ ስንል አክስቴን አየና መለከቱ መሃል ላይ ተቋረጠ።

"ልዑልሰገድ?" አለች።

"ቀስ በይ የኔ ቆንጆ" አላት በአማርኛ፣ ዙሪያውን እየቃኘ። "ሥራ ላይ ነኝ፤ አለቃዬ ያያል።"

አክስቴ ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ፀጉሯን አስተካክላ አጠገቡ ተጠጋችና ስልኳን ሰጠችኝ።

"አንሺን፤ የፕላስቲክ ላሞቹ እንዳይታዩ" አለች። "ለእናቱ ልልክላቸው ነው።"