የቦራ ቋንጣ

ሰውዬው የመጨረሻውን ዝልዝል ወደ ላይ አነሳው። ክንዱ ዝሏል፤ አፉ ግን አልደከመም። «አየሽው? ሳይበጠስ ብልባላ ገበያ ይደርሳል! በላስታ ምድር እንደኔ የሚዘለዝል ገና አልተወለደም!» ሚስቱ ሥጋውን በጨውና በበርበሬ እያሸች ቀና ብላም አላየችው። ሥጋው ትናንት ገደል ገብቶ፣ ነፍሱ ሳትወጣ የታረደው የእርሻ በሬያቸው የቦራ ነበር።

ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረው ገመድ ሞልቶ ጎበጠ። «ሌላ ገመድ ያምጡ እንጂ» አለችው። በቤቱ የቀረው ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስሩበት ጠፍር፣ ምራኑ ብቻ ነበር። አወረደው፤ በአውራ ጣቱ አሻሸው፤ መልሶ ሰቀለው።

«ይሄማ ለሚመጣው በሬ ነው።»

«የቱ በሬ?»

«ዝሆን የሚያክል በሬ! እስከዚያ ሥጋውን እኔው ይዤ እቆማለሁ። እስኪደርቅ! ለኔ ምን አላት?»

ዝልዝሉን ክንዶቹ ላይ አንጠልጥሎ የምሩን ቆመ። ክንዶቹ ቀስ በቀስ ቁልቁል ሲወርዱ አየች። ከዚያ ወገቧ ላይ የተጠመጠመውን መቀነት ፈታች፤ አንዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ አስራ ሌላውን አቀበለችው።

«ወጥሩት» አለች። «አንቱስ ለእርሻው ይትረፉልኝ።»