ከበሮው እስኪገባ

ሼፊልድ ውስጥ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ የሙዚቃ ሸክላ ሻጩ ስም ያልተጻፈበትን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። በዚያ ሱቅ ሙዚቃውን ወዶ ሊገዛ የፈለገ እጁን ያወጣል፤ እጅ ካልወጣ ሻጩ መርፌውን አንስቶ ሌላ ያስገባል። ሸክላው የቤቨርሊና የክሬግ የመጀመሪያ ሥራ መሆኑን ማንም አያውቅም። ሁለቱም እንደ ገዢ ከሰው መሃል ቆመዋል።

አንድ ደቂቃ ሙሉ አንድም እጅ አልወጣም። ክሬግ የራሱን ሊያወጣ ሲል ቤቨርሊ የእጁን አንጓ ጨምድዳ ያዘችው።

«ከበሮው ከመጀመሪያው ይግባ ብዬሽ ነበር እኮ!»

«አርፈህ ቁም። ሲገባ ታያለህ።»

«እስኪገባማ ሰውየው ያነሳዋል!»

«አያነሳውም አልኩህ።»

ሻጩ አዛጋና እጁን ወደ መርፌው ሰደደ። ጣቱ ሊነካው ሲል ከበሮው ገባ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። የሻጩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

«ከቅጂዎቹ አንዱ የኔ ነው፤ እንዳትነኩብኝ!» ብሎ ሻጩ ጮኸ። ወዲያው ሱቁ በእጅ ተሞላ።

«አላልኩህም?» አለች ቤቨርሊ፣ ፈገግ ብላ አንጓውን እየለቀቀች።

ክሬግ እጁን አየ። ጥፍሮቿ የገቡበት ቦታ ደም ቋጥሮ ነበር።