የጨረቃው ፊልም አስተርጓሚ

ናዝሬት ውስጥ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ነበር። አዳራሹ አንድ ፊልም ነበረው፤ ፊልሙ ደግሞ አንድ አስተርጓሚ። አስተርጓሚው ገመዳ ይባላል።

ፊልሙ ከወዳጅ የሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጣ ነው። ከየትኛው እንደሆነ ግን ፊልሙ የመጣበት ጣሳ ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው አልተገኘም። ነገሩ ስለ ጠፈር ጉዞ ነው። መንኮራኩሯ ቡታጋዝ ትመስላለች፤ የተንጠለጠለችበት ሲባጎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጨረቃ ላይ አንዱ ጠፈርተኛ ተራራ ሲደገፍ ተራራው ጎድጎድ ይላል፤ ሰውዬው ዞር ሲል መልሶ ቀጥ ይላል። ጭራቁ የጎማ ቱታ የለበሰ ሰው ነው። የእጅ ሰዓቱን ማውለቅ ረስቷል።

ሕዝቡ ይህን ፊልም እንደ ነፍሱ ይወደው ነበር። እሁድ ከሰዓት መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ይጋረዱና አዳራሹ ጢም ይላል። ጋሪ ነጂው ሰንበታ ከፊት ወንበር ጠፍቶ አያውቅም።

"ይቺ ጨረቃ መተሐራ አይደለች እንዴ?" ይላል ጥቁሩ ድንጋይ ብቅ ሲል። "እዚች ጋ እኮ ነው ፈረሴ የወደቀብኝ!"

ጭራቁ ሲመጣ ደግሞ፣ "ጋሼ ጭራቅ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" ይላል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።

ገመዳ ከመጋረጃው ጎን ቆሞ በማይክራፎን ይተረጉማል። ሥራውን ያገኘው ወንጂ ፈረንጆች ቤት አትክልተኛ ስለነበረ፣ ቋንቋ ያውቃል ተብሎ ነው። እውነቱን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ እልፍነሽ ብቻ ናቸው። ከፈረንጆቹ የለቀመው ለውሻ የሚባለውን ነው፤ ና፣ ተቀመጥ፣ ተው። ፊልሙ ውስጥ ደግሞ ውሻ የለም።

ስለዚህ ከሆዱ ያወጣል። የመንኮራኩሯ ሻምበል የሁሩታ ልጅ ሆነ። የጨረቃዋን ቆንጆ ወደዳት። እሷም፣ "ሽማግሌ ሳትልክማ እጄን አትነካም" አለችው። ጭራቁ አልሰጥም ያለው አጎቷ ነው። እናቶች ሳይቀሩ፣ "ምናለ ቢሰጣት!" እያሉ ያለቅሱ ነበር።

እንዲህ ደስ ብሎ ሲኖር፣ አንድ እሁድ ካኪ የለበሰ ሰውዬ መጣ።

ወጣት ነው። የወታደር ቡትስ አድርጓል፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። የኋላው በር ጥግ ተቀመጠ። ተራራው ጎደጎደ፤ አልሳቀም። ሰንበታ ጭራቁን ሰዓት ጠየቀ፤ አልሳቀም። መብራት ሊበራ ሲል ብድግ ብሎ ወጣ። በሚቀጥለውም እሁድ መጣ። በሚቀጥለውም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ ሰውዬ ማነው?" አለ ገመዳ የቀበሌውን ሊቀመንበር ጓድ ንዋይን።

"አላውቅም። እኔ ካላወቅኩት ከበላይ ነው።"

"መታወቂያ ብንጠይቀውስ?"

"ጠይቀዋ።"

ገመዳ አልጠየቀም። ጓድ ንዋይም ሰውዬው ሲገባ ከወንበሩ መነሳት ጀመረ። ሎሚ የምትባለው ቆሎ ሻጭ ሒሳብ አትቀበለውም። ሁለት ስኒ ቆሎ እፍኝ በእፍኝ ሲያነሳው አይታ፣ "ሥልጣን እንዲህ ያስርባል እንዴ?" አለች በሹክሹክታ።

"ራሺያ የተማረ ነው" አለች እልፍነሽ ቤት ውስጥ።

"በምን አወቅሽ?"

"አይስቅማ! ቋንቋውን ሰምቶ አንተ የምትቀባጥረውን እያስተያየ ነው። ሰፊውን ሕዝብ ማሳሳት ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ አይደል?"

ገመዳ ያውቃል። ባነሰ ጥፋት የገቡ ጎረቤቶች አሉት፤ እስካሁን አልወጡም።

በተከታዩ እሁድ ትርጉሙ ተለወጠ። ሻምበሉ ሽማግሌ መላኩን ትቶ የውይይት ክበብ አቋቋመ። ቆንጆዋ ሴቶች ማኅበር ገባች። ጭራቁም ከትግሉ ሜዳ የሸሸ አድኃሪ ሆኖ አረፈው።

"አንተ ገመዳ! ሠርጉስ?" አለ ሰንበታ።

"ሠርጉ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል" አለ ገመዳ በማይክራፎን።

ባለ ካኪው አልሳቀም። እንዲያውም ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

"በሩን አየ?" አለች እልፍነሽ ማታ።

"ደጋግሞ።"

"በቃ፣ ሰው እየጠበቀ ነው። ብቻውን አይዝህም።"

በሚቀጥለው እሁድ በሶና ጋቢ በዘንቢል አድርጋ አሲያዘችው። "ብቻ ዛሬ ጠንከር አድርገህ ተርጉም" አለችው፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ጭራቁ ተደብቆ በመንኮራኩሯ በር የሚገባበት ቦታ ደረሰ። ሻምበሉ አፉን ከፈተ። ገመዳ ያለ የሌለ ድምፁን አወጣ።

"ጓዶች! ከትግሉ የሸሸው እዚሁ መካከላችን አለ! ጨለማ ተከልዬ አልታይም ይላል፤ በሩ አጠገብ መሆኑን ግን ደርሰንበታል! አብዮቱ መሐሪ ነው፤ ዛሬውኑ እጁን ቢሰጥ ይሻለዋል!"

ጓድ ንዋይ ተነስቶ አጨበጨበ። እሱ ካጨበጨበማ ሁሉም አጨበጨበ። ከኋላ ቆሎ መሬት ላይ ሲዘረገፍ ተሰማ።

መብራት በራ። ባለ ካኪው አልወጣም። ከወንበሩ ተነስቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ገመዳን ያያል። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ በጎኑ እየሾለከ ወጣ። ሰንበታ እንኳን ቀልድ አጣ። "አይዞህ ወንድሜ" አለና ጋሪውን ነድቶ ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

ገመዳ ዘንቢሉን አነሳ። ሲሸሽ ከሚያዝ ሄዶ መያዝ ይሻላል ብሎ እስከ በሩ ሄደ። ዘንቢሉን እግሩ ሥር አስቀመጠና፣ ለገመድ እንዲያመች ሁለት እጁን አጋጥሞ ዘረጋ።

ሰውዬው የተዘረጉትን እጆች አየ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሁለት እጁንም ከራሱ በላይ ከፍ አደረገ።

"ጓድ፣ ከግንባር የጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት እሁድ ሙሉ ሲናገሩብኝ ሰምቻለሁ፣ በቃኝ፣ ይውሰዱኝ።"