ግድግዳው ሲቀበል

በእኛ በፕሮቫንስ ወግ የፍቅር ዘፈን የመጨረሻውን ስንኝ የምትቀበለው የተዘፈነላት እመቤት ናት። ጌታ ኢስናር ሚስታቸውን አዛላይስን ከእኔ ከአዝማሪያቸው ጋር ጠርጥረው ከነሕይወቷ በምግብ አዳራሹ ግድግዳ ውስጥ ካስደፈኗት አርባ ቀን ሆኗል። እኔን ለመጫወቻ አተረፉኝ፤ በየቀኑ ምሳ ላይ ለባዶ ወንበሯ ያዘፍኑኛል።

ዛሬም ዘፍኜ ስጨርስ ወደ ግድግዳው ዞሩና፣ «ተቀበይ እንጂ፣ የኔ እመቤት! ለአዝማሪ ስትቅለሰለሺ አፍ ነበረሽ!» አሉ።

እንግዶቹ ሳቁ። እሳቸውም ሊስቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ከገዛ አፋቸው የአዛላይስ ድምፅ ወጣ፤ ስንኙን አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ተቀበለኝ።

ከግድግዳው ውስጥ ደግሞ የጌታ ኢስናር ድምፅ፣ «ክፈቱልኝ! እኔ ነኝ! ክፈቱልኝ!» እያለ ይጮህ ጀመር።

ክራሬን ደግሜ ቃኘሁና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።